ምንም ያልተሰቀለበት ክፍል፦ ብርሃንን ራሱን የጥበብ ሥራ ማድረግ ምን ማለት ነው?

እዚህ ሐዋሳ ሥዕል ከሚማሩ ወጣቶች አንዷ በቅርቡ በስልኳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው አንድ ወጥ ሐምራዊ ብርሃን የለበሰ ባዶ ክፍል ነው፤ መካከሉ ላይ ጀርባቸውን የሰጡ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። «ጋሼ፣ ሥዕሉ የታለ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የዋህ ቢመስልም ከልብ የተጠየቀና ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ ሸራ፣ የቆመ ሐውልት፣ የተቀባ ነገር በእርግጥ የለምና። ያን ዕለት በችኮላ የመለስኩላትን እዚህ ረጋ ብዬ ለማብራራት እሞክራለሁ።

ክፍሉ የአሜሪካዊው ጄምስ ተረል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሎስ አንጀለስ የተወለደው ተረል በኮሌጅ የተማረው ሥዕል ሳይሆን ሰው በስሜት ሕዋሳቱ አማካይነት ዓለምን እንዴት እንደሚገነዘብ የሚመረምረውን የሥነ ልቦና ዘርፍ ነበር፤ አውሮፕላን አብራሪም ነው። ሁለቱም ነገሮች በሥራው ላይ አሻራቸውን ትተዋል፤ ሰማይን ከውስጡ ሆኖ ያየ ሰው ሰማይን እንደ ጣሪያ ብቻ አያስበውም።

በመጀመሪያ፣ «ረቂቅ ሥዕል» የሚባለው ምንድን ነው?

ሰው፣ ዛፍ፣ ከብት ወይም ቤት የመሰለ ተለይቶ የሚታወቅ ነገር ሳያሳይ በቀለም፣ በመስመርና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ሥዕል ረቂቅ ሥዕል ይባላል። ብዙ ሰው መጤ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሆኖም ሐረር ተወልዶ በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥራዎቹን ለአዲስ አበባ ተመልካች ማሳየት ከጀመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔም ቢሆን «ኢትዮጵያዊነቱ የቱ ላይ ነው?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለእኔ የሚቀርበኝ ምሳሌ ዋሽንት ነው፦ ትዝታ በዋሽንት ሲነፋ አንድም ቃል የለበትም፤ ነገር ግን «ይህ ዜማ የምን ምስል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ አላጋጠመኝም።

ረቂቅ ሠዓሊ ከሥዕሉ ላይ ሰውንና ዛፍን ቢያነሣም ቀለሙና ሸራው ይቀሩለታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ የነበሩ ጥቂት የጥበብ ሰዎች ግን አንድ እርምጃ ገፍተው ሄዱ። ቀለም ማለት በእርሱ ላይ ያረፈውን ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ወደ ዓይናችን የሚመልስ ነገር ከሆነ፣ ቀለሙን ትተን በብርሃኑ ብንሠራስ አሉ። ተረል፣ ሮበርት ኧርዊን፣ ደግ ዊለርና ሜሪ ኮርስ ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ ሥራቸውም በጥቅሉ «ብርሃንና ቦታ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። «ቦታ» ሲሉ በግድግዳዎች መካከል ያለውን፣ እኛ በተለምዶ ባዶ የምንለውን ስፋት ማለታቸው ነው። ሦስተኛው ቁልፍ ቃል «ግንዛቤ» ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ ዓይን የተቀበለውን ብርሃን አእምሮ «ይህ ግድግዳ ነው፣ ያ ሰው ነው» ወደሚል ፍርድ የሚለውጥበትን ሥራ ያመለክታል። ይህ ሥራ እጅግ ፈጣን ስለሆነ መኖሩን እንኳ አናስተውለውም፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ የፈለጉት እንድናስተውለው ነው።

ብርሃን ራሱ ይታያል እንዴ?

የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤት ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሚስማር የበሳው ቀዳዳ በቀን ወለሉ ላይ ክብ ብርሃን ይጥላል፤ በቀዳዳውና በወለሉ መካከል ግን ምንም አይታይም። ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጨስ፣ ወይም ወለሉ ሲጠረግና አቧራ ሲነሣ፣ ድንገት ከጣሪያ እስከ ወለል የተዘረጋ የብርሃን ዘንግ ብቅ ይላል። ዘንጉ ቀድሞም እዚያው ነበረ፤ ነገር ግን ብርሃን በአጠገባችን ሲያልፍ ወደ ዓይናችን ካልገባ አይታየንም፤ ጭሱ ያደረገው ከፊሉን ወደ እኛ መመለስ ብቻ ነው። የምናየው ምንጊዜም ብርሃን ነው፤ የምናየው የሚመስለን ግን ብርሃኑ ያረፈበት ነገር ነው።

ይህ የጣሪያ ቀዳዳ ሌላም ነገር ያስተምራል። ወለሉ ላይ የሚወድቀው ክብ የቀዳዳው ቅርጽ አይደለም። ቀዳዳው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ሦስት ማዕዘን ቢሆንም ወለሉ ላይ የሚታየው ክብ ነው፤ የፀሐይ ምስል ነውና። ጣሪያው 3 ሜትር ያህል ከፍ ካለና ፀሐይዋ አናት ላይ ከሆነች የምስሉ ስፋት ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በጨረቃ በተጋረደች ጊዜ፣ በየቆርቆሮው ቤት ወለል ላይ የነበሩት ክቦችና በየዛፉ ሥር ያሉት የብርሃን ጠብታዎች ሁሉ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ብለው የታዩት ስለዚህ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረው የብርሃን ተመራማሪ ኢብን አል ሃይሠም ብርሃን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይን እንደሚገባ ሲያስረዳ፣ ካገዙት ሙከራዎች አንዱ በጨለማ ክፍል ላይ በተከፈተ ትንሽ ቀዳዳ የተደረገ ነበር።

ተረልም የጀመረው በተመሳሳይ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሳንታ ሞኒካ አካባቢ አንድ የቀድሞ ሆቴል ተከራይቶ መስኮቶቹን ደፈነ፣ ግድግዳዎቹን ነጭ ቀባ፣ ከዚያም ከመንገድ የሚመጣው ብርሃን በቀጫጭን ስንጥቆች እየገባ ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሆን ለዓመታት ተመለከተ። በዚያው ዓመት አካባቢ በሠራው አንድ ሥራ፣ በልክ የተቆረጠ ነጭ ብርሃን ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ጣለ። ከሩቅ ሲታይ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት በአየር ላይ የተንጠለጠለ ብሩህ ሣጥን አለ፤ ጠርዝ አለው፣ ክብደት ያለውም ይመስላል። ተጠግተው ሲያዩት ግን ሁለት ግድግዳና የብርሃን ማረፊያ ብቻ ነው።

አእምሮ የሌለውን ሣጥን ለምን ያያል?

ዓይናችን ውስጥ የሚቀረጸው ምስል ዝርግ ነው። ርቀትና ጥልቀት በእርሱ ላይ አልተጻፉም፤ አእምሮ ከጥላ፣ ከጠርዝ፣ ከቀደመ ልምድ፣ ሁለቱ ዓይኖች ከሚያዩት ልዩነት ተነሥቶ ይገምታቸዋል። አንድ ሰው ከውጭ «ቤቶች!» ሲል ከጓዳ ሆነን «እትዬ መጡ» እንላለን፤ አላየናቸውም፣ የሰማነው ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን ለዓመታት ከአንድ ፊት ጋር ስለተቆራኘ ፍርዱ ሳንጠይቀው ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነው። አእምሮም እንዲሁ በግድግዳ ማዕዘን ላይ ማዕዘኖች የበዙበት ብሩህ ቅርጽ ሲደርሰው፣ በሕይወት ዘመኑ እንዲህ ያለ ቅርጽ የሰጠው ሣጥን ስለነበር «ሣጥን» ብሎ ይፈርዳል። ስሕተት ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ስሕተት ከማለት ይልቅ ሥራው ሲሠራ መያዙ ነው ማለትን እመርጣለሁ።

ኧርዊን ለዚህ የተጠቀመበት ቁስ ደግሞ እንደ ነጠላ የሳሳ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አንዳንዴም ከጣሪያ እስከ ወለል ወጥሮ ይሰቅለው ነበር። ብርሃኑ ከተመልካቹ በኩል ሲያርፍበት ጨርቁ ግድግዳ ይሆናል፤ ከጀርባው ሲበራ ይጠፋል። ወባ ባለበት በሐዋሳ አጎበር ውስጥ የተኛ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መብራት ከአጎበሩ ውስጥ ሲበራ በዙሪያው ነጭ ግድግዳ ይቆማል፤ ከውጭ ብቻ ሲበራ ግን ተኝቶ ክፍሉን ሁሉ ያያል። ጨርቁ ያው ነው። የኧርዊን ክፍሎች ከአጎበር የሚለዩት ይህን ለውጥ ቀኑን ሙሉ፣ ፀሐይ በመስኮት ስትዞር፣ ቀስ በቀስ እንዲፈጸም ማድረጋቸው ነው።

ቀለሙስ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ሸማኔዎች ከሁላችን ይቀድማሉ። የጥበብ ክር የሚመርጥ ሰው ያው አንድ ቀይ ከአረንጓዴ አጠገብ ሲገባ እንደሚነድድ፣ ከብርቱካናማ አጠገብ ሲገባ ደግሞ እንደሚደበዝዝ በልምድ ያውቃል። ይህን በሥርዓት የመረመረው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሸቭረል ነው። በፓሪስ የታወቀው የጎብላን ምንጣፍ ሥራ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ቀለም ደካማ ነው የሚል ቅሬታ ቀረበለት። ማቅለሚያውን መረመረ፤ ምንም ጉድለት አላገኘበትም። ጥቁሩን ያደከሙት አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች ነበሩ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሠዓሊዎችም ብዙ ተምረውበታል።

ምክንያቱ ዓይን የማይለካ፣ የሚያወዳድር አካል መሆኑ ነው። ገበያ ላይ ዶሮ የሚገዛ ሰው አንዷን በግራ፣ ሌላዋን በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ «ይቺ ትከብዳለች» ይላል፤ ስንት ኪሎ ናት ቢባል ግን አያውቅም። ዓይንም «ይህ ስንት ብርሃን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ «ከጎኑ ካለው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ለሚለው ግን እጅግ ንቁ ነው።

ተረል ይህን ጠባይ የተጠቀመው ሰማይ ላይ ነው። «የሰማይ ክፍል» ብዬ የምተረጉመው ሥራው፣ በዙሪያው መቀመጫ ያለው፣ ጣሪያው ላይ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ክፍተት ያለው ክፍል ነው፤ በልዩ ልዩ አገሮች ብዙዎቹን ሠርቷል። የክፍተቱ ጠርዝ እንደ ቢላዋ ስለት የሳሳ በመሆኑ የጣሪያው ውፍረት አይታይም። ውፍረቱ ሲጠፋ ደግሞ አእምሮ «ሰማዩ ከጣሪያው በላይ ሩቅ ነው» ለማለት የሚጠቀምበትን ፍንጭ ያጣል፤ ስለዚህ ሰማዩ ወርዶ በጣሪያው ልክ እንደተወጠረ ጨርቅ ይታያል። ማለዳና ምሽት ላይ በክፍሉ ውስጥ የተደበቁ መብራቶች ጣሪያውን ቀስ እያሉ ያቀልሙታል። ጣሪያው ወደ ብርቱካናማ ሲሄድ የሰማዩ ሰማያዊነት ይጎላል፤ ጣሪያው ሌላ ቀለም ሲይዝ ሰማዩም በተቃራኒው ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ውጭ የቆመ ሰው ያየው ሰማይ ያው እንደ ወትሮው የሚመሽ ሰማይ ነው።

ጠርዝ የሌለው ነገርስ ምን ያሳያል?

የወጣቷ ፎቶግራፍ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። በጀርመንኛ «ሙሉ መስክ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠራል፤ ቃሉን ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ሜትስገር እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ለሙከራዎቹ ተጠቅሞበታል። ማዕዘኖቹ ሁሉ ክብ ሆነው ተልሰዋል፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ጥላ የለም። የሚወዳደር ነገር ሲጠፋ አወዳዳሪው ዓይን ሥራ ይፈታል። ግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ ወይም አንድ መቶ ክንድ መለየት አይቻልም፤ የቀለሙ ስምም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፤ አንዳንዶች የሌለ ቅርጽ ማየት ይጀምራሉ።

በክረምት ከሐዋሳ ወደ ሲዳማ ደጋ፣ ወደ ሀገረ ሰላም አቅጣጫ የተጓዘ ሰው ጉሙ መኪናውን ሲውጠው ምን እንደሚሰማ ያስታውሳል። ሾፌሩ ያዘገማል፣ ተሳፋሪው ጨዋታ ያቆማል፣ ሁሉም አንድ ዛፍ ወይም አንድ አጥር እስኪታይ ይጠብቃል። ዓይን የሚይዘው ነገር ሲያጣ አካል ሁሉ ይጠነቀቃል። የተረል ክፍል ያንኑ ጉም ያለ አደጋ ያመጣዋል እላለሁ፤ «ያለ አደጋ» የሚለውን ግን በጥንቃቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ዮርክ በተደረገ ትርኢት ብርሃኑን ጠንካራ ግድግዳ መስሏቸው ሊደገፉ ሲሉ የወደቁ ተመልካቾች ነበሩ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ ደርሷል።

«ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» ምን ይሆናል?

አማርኛ ለምሽት መግቢያ የሰጠውን ይህን አነጋገር እጅግ እወደዋለሁ። «ፀሐይ ስትጠልቅ» የሚለው ስለ ፀሐይ ይናገራል፤ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» የሚለው ግን ነገሩ የሚፈጸመው እኛ ዓይን ላይ መሆኑን ይነግረናል። ሳይንሱም ይህንኑ ያረጋግጣል።

በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። የሾጣጣ ቅርጽ ያላቸው ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉት በቀን ብርሃን ይሠራሉ፤ ቀለም የሚለዩልን እነርሱ ናቸው። በዘንግ ቅርጽ የተሠሩት ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ በጨለማ ያያሉ፣ ቀለም ግን አይለዩም። ጨለማ ስንገባ የዓይናችን ብሌን ወዲያው ይሰፋል፤ ዘንጎቹ ሙሉ ኃይላቸውን እስኪያገኙ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። «ዓይኔ ጨለማውን ለመደው» የምንለው ይህን ነው። በመካከል፣ ሾጣጣዎቹ እየደከሙ ዘንጎቹ እየነቁ ባሉበት ጊዜ፣ አንድ እንግዳ ነገር ይሆናል። ዘንጎቹ ለቀይ ብርሃን ደንታ ስለሌላቸው ቀዩ ነገር ሁሉ ይጠቁራል፤ ሰማያዊውና አረንጓዴው ደግሞ ከቀን ይልቅ የፈካ ይመስላል።

ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለተቆረቆረች ፀሐይ የምትጠልቀው ውኃው ላይ ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሰሜን አውሮፓ በበጋ ሰዓታት የሚፈጀው ለውጥ ፍቅር ሐይቅ ላይ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጠናቀቃል። ጀልባዎቹን ልብ ብለው ይመልከቱ፦ ቀይ የተቀቡት ከሰማያዊዎቹ ቀድመው ይጨልማሉ።

ይህ ፊዚክስ እንጂ ጥበብ ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ልዩነቱ ያለው በጊዜና በትኩረት ላይ ይመስለኛል። መጽሐፉ «ዓይን ያወዳድራል» ብሎ ያስረዳል፤ የሰማይ ክፍል ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጦ የራሳችን ዓይን ሲያወዳድር እንድናየው ያደርጋል። ብርሃንን ለዚህ ማሰናዳት ለእኛም አዲስ አይደለም። ከዐለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መስኮቶች ትናንሽ ናቸው፤ ከቀትር ፀሐይ ወደ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አያይም፤ ቆይቶ ዐምዱ፣ ቆይቶ መጋረጃው፣ ቆይቶ ሥዕሉ ይወጣለታል። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም ያለ ፀሐይ ምንም ነው። የእነዚህ ዓላማ ሌላ ነው፤ ተረል ያደረገው ምስሉንና ትረካውን አንሥቶ ብርሃኑን ብቻ መተው ነው።

ትልቁ ሥራው ገና አልተጠናቀቀም። አሪዞና ውስጥ ሮደን ክሬተር የሚባል የጠፋ እሳተ ገሞራ አለ፤ ተረል በአውሮፕላን እየዞረ ፈልጎ ያገኘው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1977 በእጁ አስገብቶት እስካሁን ውስጡን በዋሻዎችና በክፍሎች እየሠራው ይገኛል። ከዋሻዎቹ አንዱ የጨረቃን ምስል ወደ ውስጥ እንዲጥል የታሰበ ነው፤ ያ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀዳዳ በተራራ ልክ ማለት ነው። ሐዋሳ ሆኖ ይህን ማሰብ ደስ ይለኛል፤ ሐይቃችንም ጥንት በእሳተ ገሞራ ከተደረመሰ ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ነው፤ መጋቢት 30 እና ነሐሴ 29 አካባቢም በቀትር፣ ከ6 ሰዓት ተኩል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ፀሐይ በከተማዋ አናት ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ቀጥ ያለ ዘንግ ጥላ አይኖረውም።

ፎቶግራፉን ማየት በቂ አይደለም?

አይደለም። ካሜራ ዓይን አይደለም፤ ጨለማን አይለምድም፣ አያወዳድርም፣ ግድግዳ መስሎት እጁን አይዘረጋም። ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሥራዎቹ ፎቶግራፍ እንዳይነሡ ይከለክል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለወጣቷ ከስልኳ ይልቅ አንድ ካርቶን ሰጠኋት።

እርስዎም ሊሞክሩት ይችላሉ። ከነጭ ካርቶን መካከል የእጅ መዳፍ የሚያህል አራት ማዕዘን በስለት ቆርጠው ያውጡ፤ ጠርዙ ንጹሕ ይሁን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ በቀዳዳው በኩል እንዲታይ ካርቶኑን በመስኮት ላይ ይለጥፉ። ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል ወደ እርስዎ በዞረው የካርቶኑ ገጽ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉና ወደኋላ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። ሰማዩ ቀስ በቀስ ከካርቶኑ ጋር እኩል ይሆናል፤ ወፍራም፣ ሊነካ የሚችል ሰማያዊ ወረቀት ይመስላል። ከዚያ አምፖሉን ያጥፉት፤ ወረቀቱ ይገረጣል፣ ተመልሶም ይርቃል። እሷ አምፖሉን ስድስት ጊዜ ያህል አብርታ አጥፍታዋለች፤ ስልኳን ግን አላወጣችም።